የፕሪንተር ካርትሪጅ ቀለም ከመሞላቱ በፊት ስለሚደረግለት አጠባ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ቡራዩ፥ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰበታ፥ በስተ ሰሜን ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በመንገዶቻቸው ዳር ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ፥ ማመልከቻ የሚጽፉና የተማሪ ጽሑፍ የሚያትሙ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ለእንዲህ ያለው ሱቅ በየጊዜው አዲስ ካርትሪጅ መግዛት ትርፉን የሚበላ ወጪ ስለሆነ፥ ያለቀውን በሲሪንጅ መልሶ መሙላት የተለመደ ዘዴ ነው። ነገር ግን ተሞልቶ እንደሚገባው የማይሠራ ካርትሪጅ ብዙ ነው፤ ገጹ በነጭ መስመር እየተቆራረጠ ይወጣል፥ ቀለሙም ይደበዝዛል። ባለሱቁ ገንዘቡን፥ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ የመጣው ተማሪም ቀኑን ያጣል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በአዲሱ ቀለም ላይ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ ካርትሪጅን የሚገድለው በውስጡ ደርቆ የቀረው አሮጌ ቀለም መሆኑን ነው።

ነገሩን ለመረዳት የካርትሪጁን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የኤችፒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ቲንክጄት የተባለውን ፕሪንተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በተስፋፋው አሠራር፥ ማተሚያው ራስ ከካርትሪጁ ጋር የተያያዘ ነው። በራሱ ላይ ከራስ ጠጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱም ቀዳዳ በስተኋላ አንዲት ደቃቅ ማሞቂያ አለች። ማሞቂያዋ በሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚቈጠር ጊዜ ስትግል ቀለሙ አረፋ ይሠራል፤ አረፋውም ጠብታውን ወደ ወረቀቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀዳዳው በደረቀ ቀለም ከተደፈነ ጠብታው መውጫ ያጣል። ካርትሪጁ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ሲታተምበት ደግሞ ማሞቂያዋን የሚያቀዘቅዝ ቀለም ስለሌለ ትቃጠላለች፤ እንዲህ የሆነውን ማንኛውም አጠባ አያድነውም። ከዚህም የተነሣ ቀለም መሙላት የሚገባው ፈጽሞ ከማለቁ በፊት ነው።

ቀለም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እንደ ስኳር በውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሆን፥ ሌላው ግን ደቃቅ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈበት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸት የሚያበጁት ጥቁር ቀለም ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የብዙ ፕሪንተሮች ጥቁር ቀለምም እንደዚሁ በጥላሸት ቅንጣት የተሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ አንድ ጊዜ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም። ከዚህም በላይ ከሁለት ፋብሪካ የወጡ ቀለሞች በስፖንጁ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ዝልግልግ ሊረጉ ይችላሉ። አሮጌውን ሳያጥቡ አዲሱን መጨመር የሚጐዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመድረቁ የአካባቢያችንም ሁኔታ ያግዛል። ፕሪንተር በሥርዓቱ ሲጠፋ ማተሚያውን ራስ ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋል። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ግን ራሱ ባለበት ሳይከደን ይቀራል፤ የበጋው ደረቅ ነፋስም ቀዳዳዎቹን ያደርቃቸዋል። እንግዲህ መብራት ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ፕሪንተሩን አብርቶ በሥርዓቱ ማጥፋት ነው።

አጠባው በምን ውሃ ይሁን? የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሳሰሉ የሟሙ ማዕድናት አሉት። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፤ በቀዳዳውም ውስጥ ይህንኑ ያደርጋሉ። አንዳንድ ሰው ውሃውን ማፍላት ይበቃል ይላል፤ ነገር ግን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ የሟሙትን ማዕድናት ሁሉ አያስወግድም። የሚሻለው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ሲገዛም ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ያሻል። በረኪና መዳቡን ስለሚበላ፥ አልኮልም የጥላሸቱን ቀለም ሊያረጋ ስለሚችል አይመከሩም።

የአጠባው ተራ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጓንት አድርጎ በካርትሪጁ አናት ባለው መሙያ ቀዳዳ በኩል የቀረውን ቀለም በሲሪንጅ ቀስ ብሎ መሳብ። ሁለተኛ፥ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሮ መልሶ መሳብ፤ ይህንንም ውሃው እስኪጠራ ድረስ መደጋገም። ሦስተኛ፥ ቀዳዳው ያልለቀቀ እንደሆነ ማተሚያውን ራስ ብቻ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጦ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት፤ በመርፌ መውጋት ግን ቀዳዳውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። አራተኛ፥ በስፖንጁ ውስጥ የቀረው ውሃ አዲሱን ቀለም ስለሚያቀጥነው በሲሪንጅ አሟጥጦ መሳብ፥ ራሱንም በታጠፈ ሶፍት ላይ ሳይፈትጉ መጫን። አምስተኛ፥ የመዳቡን መስመሮች አድርቆ፥ አየር በስፖንጁ ውስጥ እንዳይታፈን ቀለሙን በዝግታ መሙላት ነው።

ይህ ሥርዓት ለሁሉም አይሠራም። በኤፕሰን ፕሪንተሮች ማተሚያው ራስ የሚገኘው በፕሪንተሩ ውስጥ ስለሆነ፥ ካርትሪጁን ብቻ ማጠብ የተደፈነውን ራስ አይከፍተውም። የሌዘር ፕሪንተር ቶነርም ዱቄት ስለሆነ ውሃ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

በመጨረሻ ስለ እጣቢው እናስታውሳለን። ቡራዩ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ናት፤ የሰበታ ወንዞች ወደ አዋሽ፥ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። አንድ ሱቅ የሚያፈሰው ጥቂት ቢሆንም፥ ሱቁ አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጥቁሩን የመጀመሪያ እጣቢ ወደ ቦይ ከመድፋት ይልቅ በሰጋቱራ ወይም በአሮጌ ጨርቅ አስመጥጦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይገባል።

እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ዲስቲልድ ውሃ፥ አንድ ሲሪንጅና የጥቂት ሰዓት ትዕግሥት ይጣል የተባለውን ካርትሪጅ ወደ ሥራው ሊመልሱት ይችላሉ። ሱቅ ያላቸው ወገኖች ከመሙላት በፊት ማጠብን ልማድ ቢያደርጉት፥ ለራሳቸው ወጪ፥ ለእኛም ለተማሪዎች ጊዜ ይተርፋል እንላለን።