ከሳንባ ምች ጀርባ፦ በጨቅላዎች ደረት ውስጥ የሚገኙ ካንሰሮች ምርመራ

ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድና መጥባት ያቃተው ጨቅላ ወደ ሕክምና ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የሳንባ ምችን፣ ብሮንኮላይትስ የተባለውን የጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች ብግነት ወይም አብሮ የተወለደ የልብ ሕመምን ነው። ካንሰር በዚህ ዕድሜ ትንፋሽ የሚያሳጥረው እጅግ አልፎ አልፎ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው ሕመሙ በመድኃኒት አልመለስ ሲል ወይም በዚያው የሳንባ ክፍል ሲመላለስ የመጀመሪያው ግምት እንዳለ ሲቀጥል ነው።

የዚህን ምርመራ ፈተና ከሌሎቹ ካንሰሮች ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየው ፕሉሮፑልሞናሪ ብላስቶማ፣ ማለትም ገና ካልበሰሉ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው ይህ ካንሰር በዋናነት በ3 ይከፈላል፤ አንደኛው ዓይነት ከረጢት ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ከረጢትና ጠጣር ዕጢ የተቀላቀሉበት፣ ሦስተኛው ፈጽሞ ጠጣር ነው። አንደኛው በአብዛኛው በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት አካባቢ ሲታወቅ ጠጣሮቹ ከ2 ዓመት በኋላ ይበዛሉ፤ ከረጢቱ ሳይወጣ ከቆየ ወደ ጠጣርነት ሊለወጥ ይችላልና። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት በአንደኛው ዓይነት 90 በመቶ ያህል ሲሆኑ በሦስተኛው ግን ከግማሽ ብዙም አይበልጡም።

አስቸጋሪው ነገር ከረጢቱ አብሮ ከሚወለድና ካንሰር ካልሆነ የሳንባ ከረጢት ጋር በራጅም በሲቲ ስካንም መመሳሰሉ ነው። ከረጢቱ በሁለቱም ሳንባዎች ወይም በብዙ ቦታ መታየቱ፣ አየር ከሳንባ ወጥቶ በደረት ውስጥ መጠራቀሙ፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩ ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ፤ ያም ሆኖ ቁርጡን የሚናገረው ፓቶሎጂ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከለስላሳው የከረጢት ሽፋን ሥር የተጠጋጉ ያልበሰሉ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም የጡንቻ ሕዋስ ባሕርይ ይታይባቸዋል። እነዚህ ሕዋሳት በግድግዳው እዚህም እዚያም ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ትንሽ ናሙና ወስዶ «ካንሰር የለም» ማለት የሚያስተማምን አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽታው ዳይሰር 1 ከተባለው ዘረ መል ጉድለት ጋር መያያዙ ታወቀ፤ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በውርስ የሚተላለፍ በመሆኑ የአንድ ሕፃን ምርመራ ለወንድምና ለእህቶቹም ጉዳይ ሆኗል።

ከሳንባው ውጭ ትንፋሽን ከሚያጨናንቁት ዋነኛው ከነርቭ ሕዋሳት የሚነሳው ኒውሮብላስቶማ ነው፤ በደረት የኋላ ክፍል፣ በአከርካሪው ጎን ያድጋል። ሽንት ውስጥ የሚለቃቸው ኬሚካሎች ስለሚለኩ ሕፃኑ ሳይወጋ ሊጠረጠር ይችላል። አንድ ልዩ ዓይነቱ በጨቅላዎች ጉበትን እጅግ አሳብጦ ድያፍራምን ወደ ላይ እየገፋ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የሚያስገርመው ግን ብዙ ጊዜ በራሱ እየከሰመ መጥፋቱ ነው። ጃፓን ጨቅላዎችን ሁሉ በሽንት ስትመረምር ቆይታ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቆመችውም፣ በራሳቸው ይጠፉ የነበሩ ዕጢዎች ተገኝተው ያለጥቅም ይታከሙ ስለነበር ነው።

በተቃራኒው በጨቅላ ራጅ ላይ ልብን የሚጋርደው ሰፊ ጥላ ጤናማ የታይመስ ዕጢ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አልትራሳውንድ በቀላሉ ይለየዋል። በደረት መሃል እውነተኛ ዕጢ ሲገኝ ግን ጥድፊያው ራሱ አደጋ አለው፦ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ማደንዘዣ መስጠት የአየር ቧንቧውን ሊያስጨፈልቅ ስለሚችል፣ ናሙና ከመወሰዱ በፊት የማደንዘዣ ባለሙያ ይማከራል፤ የደም ምርመራ ወይም ላዩ ላይ ያለ ንፍፊት ለውሳኔ ከበቃም ደረቱ አይነካም።

ኢትዮጵያን በመሰሉ የሳንባ ምችና የሳንባ ነቀርሳ በበዙባቸው አገሮች ከሁሉም የሚቀድመው ርካሹ መሣሪያ ተደጋግሞ የሚነሳ ራጅ ነው፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የተነሳው ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ጥላው እዚያው ካለ ወይም ከሰፋ፣ ሌላ ዙር ፀረ ተህዋሲያን ከማዘዝ ይልቅ ሲቲ ስካንና የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይገባል።