መኝታ ቤታችን የዕቃ ማከማቻ ወይስ የእረፍት ቦታ?



የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይኖሩባት የነበረችው ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደነበረች ራሳቸው ነግረውናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ተነስተው ሲሰግዱ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከፊታቸው ተኝተው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ሲወርዱ ነካ ያደርጓቸዋል፣ ዓኢሻም (ረ.ዐ) እግራቸውን ይሰበስባሉ። ሲቆሙ ደግሞ መልሰው ይዘረጋሉ። በዚያን ጊዜ በቤቶቹ ውስጥ መብራት እንዳልነበረም ጨምረው ገልጸዋል (ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል)። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍራሽ ደግሞ ውስጡ በተምር ዛፍ ቃጫ የተሞላ ቆዳ ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ሶላት ግን ተሰግዶባታል፣ ወሕይ ወርዶባታል፣ ፍቅርና መተዛዘን ኖሮባታል። ታዲያ የእኛ መኝታ ቤት ስፋት እያለው ለምን ያስጨንቀናል?

እስቲ ዙሪያችንን እንመልከት። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣ ተደራርቧል። አልጋው ሥር ካርቶንና ማዳበሪያ ታጭቋል። ከዓረብ ሀገር የመጣው ብርድ ልብስ «ለእንግዳ» ተብሎ ከነፕላስቲኩ ዓመታት አስቆጥሯል። በሩ ጀርባ ልብስ ተቆልሏል። መስገጃ ለመዘርጋት መጀመሪያ ወንበር ማንሳት ያስፈልጋል። ሰው ደክሞት ገብቶ ዓይኑ የሚያርፈው ገና ባልተሠራ ሥራ ላይ ነው።

እረፍት የአላህ ጸጋ ነው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 80 ላይ ቤቶቻችንን መርጊያና ማረፊያ እንዳደረገልን ይነግረናል። እዚያ የተጠቀመው ቃል «ሰከን» ሲሆን «ሰኪና» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በሱረቱ አን-ነበእ አንቀጽ 9 ላይም እንቅልፋችንን እረፍት እንዳደረገልን ይጠቅሳል። ስለዚህ መኝታ ቤትን ማስተካከል የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የተሰጠንን ጸጋ በአግባቡ የመያዝ ጉዳይ ነው።

ስንት አልጋ ይበቃል?

ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ፍራሽ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ መሆኑን ጠቅሰው አራተኛው የሸይጧን እንደሆነ አስተምረዋል። ኢማም አን-ነወዊይ እንዳብራሩት ነገሩ ቁጥር አይደለም። የተወቀሰው ከፍላጎት በላይ ሆኖ ለመኩራራት የሚያዘው ነው። ልጆች ላሉት ወይም እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ተጨማሪ ፍራሽ ነውር የለውም።

በሌላ በኩል ቀለል ማለት ማለት መጎሳቆል አይደለም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አላህ የጸጋው ምልክት በባሪያው ላይ እንዲታይ ይወዳል። ንጹሕ አንሶላና ያማረ መጋረጃ የተፈቀደ ነው። የተከለከለው ኢስራፍ ነው።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ክፍሉን እናራግፍ። ያለውን ሁሉ ሦስት ቦታ እንክፈለው፦ የምንጠቀምበት፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚጣል። ዓመት ሙሉ ያልለበስነው ልብስ ለሚቀጥለው ዓመትም አያስፈልገንም ማለት ይቻላል። ለዘመድ፣ ለጎረቤት ወይም ለደረሶች ብንሰጠው ቤታችን ይቀላል፣ ሶደቃውም ይመዘገብልናል። ነገር ግን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 መሠረት ለእኛ ቢሰጠን የማንቀበለውን መናኛ ነገር መርጠን አንስጥ። የተቀደደው ወደሚጣለው ይሂድ። ያ ያልተከፈተ ብርድ ልብስ ግን በዚህ ክረምት የሚሞቀው ሰው አለው።

ሁለተኛ፣ የአንድ መስገጃ ስፋት ያለው ቦታ ወደ ቂብላ ባዶ እናድርግ። ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ ለሱብሒ የሚነሳ ሰው በጨለማ ዕቃ አይጋጭም።

ሦስተኛ፣ እሳትና ብርሃንን እናጥፋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው፣ መብራትም እንድናጠፋ አዘዋል። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በረንዳ ላይ የተቀጣጠለ ከሰልም ቢሆን ወደ ውስጥ ከገባ አደጋው አይቀርም። በብርድ ልብስ እንሙቅ፣ መስኮቱንም ቀን ቀን እንክፈት።

አራተኛ፣ ስልኩ ከትራስ ይራቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በፊት መተኛትን፣ ከኢሻ በኋላ ደግሞ ወሬን ይጠሉ ነበር (ቡኻሪ ዘግበውታል)። የዛሬው የሌሊት ወሬ በስልክ ነው። በምናስተምርበት ጊዜ ጠዋት ዴስክ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ቴሌቪዥን በበራበት ክፍል መተኛቱ ነበር። ለሱብሒ አላርም የሚያስፈልገን ከሆነ ስልኩን ከአልጋ ርቆ ማስቀመጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆናልና።

አምስተኛ፣ የግል ክብር እንጠብቅ። በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 58 መሠረት ልጆች ከሱብሒ በፊት፣ በቀትር እረፍትና ከኢሻ በኋላ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ እናስተምር። 10 ዓመት ሲሞላቸውም መኝታቸው እንዲለያይ ታዟል። ቤተሰቡ በአንድ ክፍል የሚኖር ከሆነ ወፍራም መጋረጃና የተለያየ ፍራሽ የሚቻለውን ያህል ያግዛል።

ለሙሽሮችና ለወላጆች

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ኮመዲኖው ካልተሟላ ኒካሕ አይታሰብም እየተባለ ስንት ወጣት ትዳሩን ያዘገያል፣ ስንቱስ በብድር ይጀምራል? የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ለዐሊይ (ረ.ዐ) ሲዳሩ የተሰጣቸው አንድ ጨርቅ፣ አንድ የውሃ ስልቻና በኢዝኺር ሣር የተሞላ ትራስ ነበር (ነሳኢ ዘግበውታል)። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ከልጃችሁ መኝታ ቤት ዕዳውን አስወጡላት። ዕዳ ያለበት ሰው በውድ ፍራሽ ላይም እንቅልፍ የለውም።

በመጨረሻም ክፍሉ ከጸዳ በኋላ ሱናውን እንጨምርበት፦ ውዱእ ማድረግ፣ አልጋውን ማራገፍ፣ በቀኝ ጎን መተኛት፣ አየተል ኩርሲይንና ሦስቱን «ቁል»ዎች መቅራት፣ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር ማለት። ይህን የመጨረሻውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት የሥራ ድካም በዝቶባት አገልጋይ ለጠየቀችው ለዚያችው ለፋጢማ (ረ.ዐ) ነበር።

ዛሬ ማታ በአንድ መሳቢያ እንጀምር። አላህ ቤቶቻችንን የሰኪና ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።