በበዓል ሰሞን በዘመድ ቤት የሚነሣ ንዳድ

በበዓል ቀን በዘመድ ቤት የታመመ ሰው፤ የሕመሙን ምክንያት ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቅለታል። ትኩሳቱ ገና ሳይለካ አንዱ ጥሬ ሥጋውን፤ ሌላው ጠጁን፤ ሌላው ደግሞ በደመራ ማታ የመታውን ብርድ ይከሳል። ዳሩ ግን በመስቀል ሰሞን ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ እንግዳ ሲታመም፤ መነሻው ከቀረበው ማዕድ ይልቅ አስቀድሞ ባደረበት ስፍራ ሊፈለግ ይገባል። የምዕራቡ ቆላ ዝናም አባርቶ ወባ የሚበረታው በዚሁ ወራት ነውና።

ተወልዶ ያደገው በደጋ የሆነ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ለአብነት ይወሰድ። ይህ ሰው በመስከረም መጀመሪያ ወደ ተሰነይ ወርዶ ለገበሬዎች ቀብድ ሲሰጥ ሰነበተ፤ የቤቱ ሙቀት ስላላስተኛውም አልጋውን ወደ ግቢ አስወጥቶ ያለ አጎበር አደረ። መስቀል ቅዳሜ ይውል ስለ ነበር ሐሙስ ዕለት ወደ አሥመራ ወጥቶ ከአጎቱ ቤት ገባ። ደመራው በተለኮሰ ማታ ራሱን አመመው፤ በማግሥቱ ከማዕዱ ፊት እንደ ተቀመጠ ብርድ ብርድ አለው፤ ከቀትር በኋላም መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። የአጎቱ ሚስት «ምች ነው የመታው» ብለው ዳማከሴ አስጨምቀው አጠጡት። እርሱም ያን ያህል የተደከመበት ድግስ በእርሱ ምክንያት እንዳይታወክ በማሰብ፤ «ደኅና ነኝ እትዬ፤ የመንገድ ድካም ነው» ይል ነበር። ይሉኝታ በበዓል ቀን ከወትሮው ይልቅ ይበረታል።

ከሁሉ የሚከፋው ወባ ዕረፍት እየሰጠ የሚያዘናጋ በሽታ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ላብ አጥለቀለቀውና ትኩሳቱ በረደ፤ እሑድ ጧት ቡና ሲጠጣና ሲጫወት ያዩት ዘመዶቹም «ለቀቀው» አሉ። ሆኖም ተውሳኩ በቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ይራባ ነበር፤ ሕዋሶቹን አፍርሶ በወጣ ቁጥርም ትኩሳቱ ይመለሳል። ፋልሲፓረም የተባለው ብርቱው ዓይነት ሳይታከም 24 ሰዓት ቢቆይ ለከባድ ሕመምና ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ እስኪነሣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ስለሚወስድ፤ በመስከረም መባቻ የተያዘው ሰው የሚወድቀው ከደመራው ዳር ነው።

አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፤ ወባ በዚያ ቤተ ሰብ አእምሮ ቶሎ አይመጣም። ነገር ግን በሽታው ያልለመደውን ሕዝብ እንዴት እንደሚጎዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ. ም. በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ አሳይቶአል፤ በ1,600 እና በ2,150 ሜትር ከፍታ መካከል ባሉት አገሮች 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቶአል። ለሥራ ወደ ቆላ አውራጃ ወርዶ ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ የሚመለስ የደጋ ሹምም ከነጋዴው የተለየ ደም የለውም።

እሑድ ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ። አንዲት አክስት ጽዋውንና ሳሕኑን ለየችበት፤ ወባ ግን በትንኝ እንጂ በማዕድ አይተላለፍም። ከመሳቢያ የራስ ምታት ኪኒንም ተገኘ። ኪኒን የሚለው ስያሜ ራሱ ከጥንቱ የወባ መድኃኒት፤ ከኪኒን የመጣ ቢሆንም፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሁሉ ወባን አያድንም፤ ትኩሳቱን ለጊዜው አብርዶ በሽታውን ይሸሽጋል እንጂ።

በመጨረሻ የአጎቱ ታላቅ ልጅ በመኪና ወደ ሐኪም ቤት አደረሰው። ተከትለው የሄዱት ዘመዶች የበላውንና የጠጣውን በተራ ሲዘረዝሩ ሐኪሙ ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም አስወስዶ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንቶች የት እንዳደረ ጠየቀው። «ተሰነይ» አለ በሽተኛው። ከሐሙስ ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።