ጨጓራ ነው ብለን የምናሳልፈው ሕመም



ኦሮራ ውስጥ ሃቫና ስትሪትን የሚያውቅ ሁሉ የቅዳሜ ከሰዓቱን ያውቃል። ቡናው ይፈላል፣ የታክሲ ሾፌሮች ከኤርፖርት ተመልሰው አረፍ ይላሉ፣ ወሬው ይደራል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ወዳጄ ጋር እዚያው ተቀምጠን ሳለ ደረቱን ሲያሻሽ አየሁትና ምን ሆነሃል አልኩት። "ጨጓራዬ ነው ባክህ፤ በባዶ ሆዴ ቡና ጠጥቼ ነው" አለኝ። ዕድሜው 41 ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቆታል። እኔ በሆስፒታል የልብ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና ነገሩ አላማረኝም፤ 911 ደወልኩ። ለልብ ደም ከሚያደርሱት ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ኖሮ በዚያው ምሽት ተከፍቶ ስቴንት ገባለት።

የሰማ ሁሉ "ይህ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?" እያለ ጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

በሽታው በአብዛኛው በወጣትም በአረጋዊም መነሻው አንድ ነው፤ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ስብ ይጠራቀማል። የሚጀምረውም ከምንገምተው ቀድሞ ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ 77 በሚሆኑት ላይ የበሽታውን ምልክት አግኝተዋል። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ገደማ ነበር።

ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። በአረጋውያን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ግድግዳቸውም በካልሲየም ይደድራል። ጥበቱ በዝግታ ስለሚመጣ ልብ ትናንሽ ተለዋጭ መንገዶችን ለማበጀት ጊዜ ያገኛል። ባለቤቱንም ያስጠነቅቀዋል፦ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሲያርፍ ይለቀዋል። አንዳንድ አረጋውያን፣ በተለይም ስኳር ያለባቸው፣ ያለ ደረት ሕመም ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም ወይም መደናገር ብቻ ሊታይባቸው ይችላል። "እርጅና ነው" ብለን እንዳናልፈው።

በወጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታመመው አንድ የደም ሥር ነው። የስብ ክምችቱ መንገዱን እምብዛም ስላላጠበበው ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን የክምችቱ ሽፋን ይቀደዳል ወይም ይላጣል፤ ደም ይረጋበትና በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። የመጀመሪያው ምልክት ራሱ አደጋው ይሆናል ማለት ነው። ከጀርባው በአብዛኛው ሲጋራ፣ በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ስኳር ወይም እንደ ኮኬይን ያለ ዕፅ ይገኛል። የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚጨምረው ጫትም ከዚሁ ተርታ ነው። በወጣት ሴቶች ደግሞ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ የስብ ክምችት ሳይኖር የደም ሥሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ደግነቱ፣ ቶሎ ሆስፒታል የደረሰ ወጣት የመዳን ዕድሉ ከአረጋዊው የተሻለ ነው።

እንግዲህ የወጣት ልብ ቀድሞ ካላስጠነቀቀ፣ ማስጠንቀቂያውን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። አንዱ ቁጥሮቻችን ናቸው፦ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል። ሌላው የቤተሰብ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ እኛ ችግር አለብን። ሐኪሙ "አባትህ ወይም ወንድምህ ከ55፣ እናትህ ወይም እህትህ ከ65 ዓመት በፊት የልብ ሕመም ነበረባቸው?" ሲለን "የለም" እንላለን። ወዳጄም እንዲሁ ብሎ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አዲስ አበባ ተደውሎ እናቱ ሲጠየቁ ግን፣ በ48 ዓመታቸው "ድንገት አረፉ" የተባሉት አባቱ ደረታቸውን እንደያዙ መውደቃቸው ተሰማ። አገር ቤት የወጣት የልብ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣውን የልብ ቫልቭ በሽታ ነውና፣ የደም ሥር መዘጋትን የጠረጠረ አልነበረም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስትደውሉ "ድንገት አረፈ" የተባለው ዘመዳችሁ እንዴት እንዳረፈ ጠይቁ፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ። ደረታችሁን ጨምድዶ ይዞ አልለቅ ካለ፣ በተለይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለበት፣ 911 ደውሉ እንጂ ራሳችሁ መኪና አትንዱ።

ወዳጄ ዛሬም ሃቫና ላይ ቡናውን ይጠጣል። ሲጋራውን ትቷል፤ የአያታቸውን ነገርም ለልጆቹ ነግሯቸዋል።

ቸር እንሰንብት።