ቶምና ጄሪ፤ ከሲኒማ ቤት እስከ እጅ ስልክ

ድመቱ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይናገርም፤ አይጡም እንደዚያው። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲባረሩ፣ ሲደባደቡ፣ ቤቱን ሲያተራምሱ ይቆያሉ። ሆኖም ማን በማን እንደተናደደና ለምን እንደሆነ የማይገባው ሕፃን የለም። ቶምና ጄሪ ዓለምን የዞሩት በዚህ ነው። በእኛም አገር ብዙ ልጅ ያወቃቸው ከቪዲዮ ቤት በሚከራይ ካሴት፣ ኋላም ዲሽ ሲገባ ከዓረብ የልጆች ጣቢያዎች ነው፤ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ መቻል አላስፈለገውም። ዛሬ የልጆች አባትና እናት የሆኑት እነዚያ ልጆች “የድሮ ካርቱን” ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው ይኸው ድመትና አይጥ ነው። ናፍቆቱ የልጅነት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሥራው ጥራትና ካርቱን ይታይበት የነበረው ልማድም አብረው የሚናፈቁ ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በካሊፎርኒያ፣ በኤም ጂ ኤም የፊልም ኩባንያ የካርቱን ክፍል ውስጥ ነው። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1940 አንድ ድመት አይጥ ሲያሳድድ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠሩ። የድመቱ ስም ያኔ ጃስፐር ነበር። አለቆቻቸው ነገሩ የተለመደ ነው ብለው ብዙም ተስፋ አልጣሉበትም፤ ተመልካቹ ግን ወደደው፤ ፊልሙ ለኦስካር ታጨ። ከዚያ በኋላ በሠራተኞቹ መካከል የስም ውድድር ወጣ። ቶምና ጄሪ የሚለውን ስም ያመጣው ሠዓሊው ጆን ካር 50 ዶላር ተሸለመ። እስከ 1958 ድረስ በሃናና በባርቤራ ዳይሬክተርነት 114 ፊልሞች ወጡ፤ ከእነዚህም ሰባቱ ኦስካር አገኙ። ሁሉም የተሠሩት ለሲኒማ ቤት ነው። ከዋናው ፊልም በፊት አዋቂውም ልጁም አንድ ላይ ተቀምጦ ያያቸው ነበር፤ ቀልዱ ትልቅ ሰውንም የሚያስቀው ለዚህ ነው።

የሥራውን ክብደት ለመገመት ቁጥሩን ማየት ይበቃል። በፊልም ላይ አንዲት ሰከንድ 24 ምስል ትይዛለች፤ ሰባት ደቂቃ ማለት ከአሥር ሺህ ምስል በላይ ነው። አንድ ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ይቀራል። ዋናው ሠዓሊ ቁልፍ የሆኑትን እንቅስቃሴዎች በእርሳስ ይነድፋል፤ በመካከል ያሉትን ረዳቶቹ ይሞላሉ። ቀጥሎ ሥዕሉ በቀለም ብዕር ወደ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይገለበጣል፤ የቶም ግራጫ ፀጉር ከጀርባ በኩል ይቀባል፣ ከፊት ያለው መስመር እንዳይሸፈን። ይህን የመገልበጥና የመቀባት ሥራ በአሜሪካ ስቱዲዮዎች ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በመጨረሻ ፕላስቲኩ ከኋላ በተሣለው ሳሎን ወይም ግቢ ላይ ተነጥፎ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሣል።

ሙዚቃው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ስኮት ብራድሊ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ለእያንዳንዱ እርምጃ፣ ለእያንዳንዱ ውድቀት የሚገጥም ዜማ ይጽፍ ነበር፤ ኦርኬስትራ ተሰብስቦ ይጫወተዋል። በ1947 የወጣውን “ዘ ካት ኮንቸርቶ” ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ቶም በሙሉ ልብስ ወደ መድረክ ይወጣል፣ ፒያኖው ፊት ይቀመጣል፣ የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛውን የሃንጋሪ ራፕሶዲ ይጀምራል። ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ተኝቶ ነበርና ይነቃል፤ ጠቡም ይነሣል። ቶም አይጡን እየተከላከለም መጫወቱን አያቋርጥም፤ ጣቶቹን ተከታተሉ፣ ከዜማው ጋር ይሄዳሉ። ሲጨርስ በድካም ይዝለፈለፋል፤ ጭብጨባውን የሚወስደው ጄሪ ነው። ሰባት ደቂቃ ውስጥ መነሻ፣ ግጭትና መቋጫ ያለው ሙሉ ታሪክ ነው።

የድሮ ስለሆነ ግን ሁሉም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በአንዳንዶቹ ፊልሞች ላይ ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና ቀሚሷ ብቻ የሚታይ ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። አነጋገሯም አቀራረቧም የዘመኑ አሜሪካ ጥቁሮችን ይንቅበት የነበረውን አስተሳሰብ ይዟል። በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ሲባል ድምፅዋ እንዲለወጥ ተደርጓል። ወላጅ ይህን አውቆ ከልጁ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል።

በ1957 ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍሉን ዘጋ፤ የቆዩትን ፊልሞች ደግሞ ማሳየት ብቻ በቂ ገቢ እንደሚያስገኝ አይቶ ነበር። ሃናና ባርቤራ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ከሲኒማው ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ሥዕል መቀነስ ነበረባቸው። የእነሱን ዮጊ ድብ ያያችሁ አንገቱ ላይ ያለውን ኮሌታና ከረባት አስታውሱ። ኮሌታው አንገትን ከደረት ስለሚለይ አካሉ ባለበት ቆሞ ጭንቅላቱ ብቻ እየተሣለ እንዲያወራ ያስችላል። በዚህ ብልሃት በ1960 “ዘ ፍሊንትስቶንስ” የተባለው ካርቱናቸው የምሽት ተመልካች ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በካርቱን የተያዘ ሆነ። በየመካከሉ የአሻንጉሊትና የቁርስ እህል ማስታወቂያ ይገባ ነበር። ከእነዚያ ካርቱኖች ብዙዎቹ በችኮላ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ ቢታዩ ናፍቆቱን አይመልሱም።

ያም ሆኖ ያ ዘመን አንድ ነገር ነበረው፤ ሰዓት። የካርቱን ሰዓት ይጠበቃል፣ ይደርሳል፣ ያልቃል። በኢትዮጵያም አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ጊዜ ልጆች የአባባ ተስፋዬን ተረት የሚጠብቁት እንዲሁ ነበር፤ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ቤት ሄዶ፣ መሬት ላይ ተደርድሮ ያያል። ያየውንም በማግሥቱ ከጓደኛው ጋር ያወራዋል፣ ጓደኛውም ያንኑ አይቷልና። በ1992 ካርቱን ኔትወርክ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ማሳየት ጀመረ፤ መጠበቅ ቀረ። በ2014 በአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ የመጨረሻው የቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ፕሮግራም ተቋረጠ። አሁን ልጁ ስልክ ይዞ ብቻውን ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይከፈታል።

ቶምና ጄሪ እዚያም አሉ፤ ግን ብዙ ጊዜ ተቆራርጠው። አንዱ ምት ብቻ ተለይቶ ይወጣል፤ የብራድሊ ሙዚቃ ተነሥቶ ሌላ ዘፈን ይገባበታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምቱን አስቂኝ የሚያደርገው ከእሱ በፊት የነበረው ዝግጅትና ልክ በሰዓቱ የሚወድቀው ዜማ ነውና።

ስለዚህ ለልጃችሁ ቶምና ጄሪን ስትመርጡ መክፈቻው ላይ የሃናንና የባርቤራን ስም፣ ከ1940 እስከ 1958 ያለውንም ዓመት ፈልጉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕራግ ውስጥ በጂን ዳይች የተሠሩት 13 ፊልሞች፣ ቀጥሎም በቻክ ጆንስ የተሠሩት 34ቱ ሌላ ጠባይ አላቸው። “ዘ ካት ኮንቸርቶ”ን አስቀድሙ፤ ከዚያ በቪየና የዮሐን ሽትራውስ ቤት ስለሚኖር፣ ዋልዝ ሲሰማ መደነስ ስለማይተው አይጥ የሚተርከውን የ1953ቱን “ዮሐን ማውስ” አሳዩ። ሳይቆራረጥ ሙሉውን ክፈቱት፣ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሲያልቅም ዝጉትና የቱ እንዳሳቀው ጠይቁት።