ለሃይድሮጅን ትስስር ምን ቀለም እንስጠው?

ከጓደኞቻችን አንዱ የዲ.ኤን.ኤ.ን ሥዕል ፓይሞል በተባለው ፕሮግራም ሠርቶ ለክፍል አቀረበ። በኮምፒዩተሩ ጥቁር ገጽ ላይ ቢጫዎቹ ሰረዞች ደምቀው ይታዩ ነበር፤ በነጭ ወረቀት ሲታተሙ ግን ጠፉ። አዴኒንና ታይሚን በሁለት፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር መያያዛቸውን ሊያስረዳ የተሠራው ሥዕል ምንም ሳያስረዳ ቀረ።

ቢጫው የፕሮግራሙ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ለአተሞቹ ቀለም ግን የቆየ ስምምነት አለ። ይኸውም ኮሪና ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1953 ካቀረቧቸውና ኮልተን በ1965 ካሻሻላቸው ሞዴሎች የወረስነው ነው፤ ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ፣ ሃይድሮጅን ነጭ፣ ድኝ ቢጫ። እንግዲህ ትስስሩን ቀይ ወይም ሰማያዊ ብንቀባው አንባቢ የአንዱ አተም ንብረት ይመስለዋል፤ ትስስሩ ግን የሁለቱ የጋራ ነው። ድኝ ባለበት ፕሮቲን ደግሞ ቢጫውም ያሳስታል።

እኛ የምንመርጠው ካርቦኑን በፈዛዛ ግራጫ አድርጎ ትስስሩን በቀጭን ጥቁር ሰረዝ ማሳየት ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ጓደኛችንም ያየዋል። (በዚህ መጽሔት ማባዣ እንደሆነ ቀለም ሁሉ ጥቁር ነው!)

ከቀለሙ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ትስስሩን አያይም፤ ርቀትና ማዕዘን ለክቶ ይገምታል እንጂ። በውሃ ውስጥ በሁለት ኦክስጅኖች መካከል ያለው ርቀት 2.8 አንግስትሮም ያህል ነው። ወሰኑን ወደ 3.5 ከፍ ብናደርገው ሰረዞቹ ይበዛሉ፤ ጠንካራውም ደካማውም አንድ ቀለም ለብሶ ይቆማል። ስለዚህ የተጠቀምንበትን ወሰን ከሥዕሉ ግርጌ እንጻፍ።

ጓደኛችን ሥዕሉን በጥቁር ሰረዝ አሳትሞ መልሶ አምጥቷል፤ ወሰኑን ግን ገና አልጻፈም።