ተጨማሪ መረጃ፦ ፋይሉ የሚሄድበት መንገድ

በመሥሪያ ቤቶቻችን «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጋር ነው፤ ብዙዎች ቢፒአር ይሉታል። ሐሳቡን አሜሪካዊው ማይክል ሃመር እ.ኤ.አ. በ1990 አስተዋወቀ፤ እኛ ዘንድ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በስፋት ተተገበረ።

የለውጡ ሥራ የሚጀምረው ነባሩን አሠራር በሥዕል ከማስቀመጥ ነው። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ ሱቅ ልትከፍት ያሰበች ሴት ንግድ ፈቃድ ጠየቀች እንበል። ማመልከቻዋን መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ ኃላፊው ጥጉ ላይ ጽፎ ለባለሙያ ይመራዋል፤ ባለሙያው መርምሮ ለፊርማ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ክፍያና ማኅተም። እያንዳንዱን ሥራ በሳጥን፣ ቅብብሉን በቀስት ሣሉ። ከሳጥኑ ሥር ሥራው የወሰደውን ደቂቃ፣ ከቀስቱ በላይ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ የተኛበትን ጊዜ ጻፉ። ጉዳይ የሚጓተተው አብዛኛውን ጊዜ ቀስቶቹ ላይ ነው! መመሪያው የሚለውን ሳይሆን መስኮቱ ጋ የሚሆነውን ሣሉ፤ ባለጉዳይዋንም ጠይቁ።

መዋቅሩ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። ተቀብሎ፣ መርምሮ የሚፈርም አንድ ባለሙያ ከተመደበ ሦስት ቀስቶች ይጠፋሉ። የሚያሳዝነው፣ አንዳንድ ቦታ በር ላይ ያለው ስም ተቀይሮ ፋይሉ በድሮው መንገዱ መጓዙን ቀጥሏል።